ሁለት ጣት የጎደለው ገመድ

ወረታ ላይ ጎማ የሚጠግን ሞልቷል፤ ጎማ የሚያነብ ግን ይርዳው ብቻ ነበር። «ነበር» ማለቴ ሰውዬው ሞቶ አይደለም። ዛሬም ወደ ባሕር ዳር በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ እኔ ሚዛን ከምይዝበት ሩዝ መፈተጊያ ፊት ለፊት፣ ቆርቆሮ ጥላው ሥር አለ። ለምን «ነበር» እንዳልሁ ኋላ ትሰሙታላችሁ። የምነግራችሁ የእሱን ነውር ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጀምረውም ነበር። የሰው ነውር ማውራት የማልወድ ሰው ሆኜ አይደለም፤ እወዳለሁ። ይኼኛው ውስጥ ግን የራሴም ሳቅ አለበት፣ እሱን ሳልናገር መተኛት አቃተኝ።

ይርዳው ሃምሳዎቹን አጋምሷል። አጭርና ደንዳና ነው፤ ሲቆጣም ሲስቅም ድምፁ አንድ ነው። ሥራውን በወጣትነቱ ባሕር ዳር ከአንድ አሮጌ ጎሚስታ ተማረ፣ ከዚያ ወረታ መጥቶ በአንድ ክሪክና በአንድ ንፋስ መሙያ ጀመረ። ከባድ መኪና ደጁ ሲቆም ሾፌሩን ሰላም አይልም፤ መጀመሪያ ወደ ጎማው ነው የሚሄደው። ቁጢጥ ይልና መዳፉን ጎማው ላይ ያሳርፋል፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዳብሳል። ከዚያ ቀና ብሎ ይፈርዳል።

«መሐሉ ተልጧል። ንፋስ ስትሞላ ልክ አለው፣ ድግስ አይደለም።»

ሌላው ይመጣል። «የአንተ ሁለቱም ጠርዝ አልቆ መሐሉ ደህና ነው። ይህ ጎማ ጦሙን ነው የሚውል። ጭነት ታሸክመዋለህ፣ ንፋስ ግን አታበላውም።»

ሌላው ደግሞ፦ «እዚህ ጎድጎድ፣ እዚያ ጎድጎድ ብሏል። እየዘለለ ነው የሚሄድ። ወይ ኩሽኔታው ላልቷል፣ ወይ ሾክህ ሞቷል። ሂድና አሳይ።»

አንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተላጠ ጎማ ዳብሶ፣ ሾፌሩን ቀና ብሎ አየውና «አህያ ናት በሬ?» አለው። ሾፌሩ ደንግጦ «በሬ» አለ። መንገድ ላይ በሬ ገብቶበት ፍሬን ሲረግጥ ጎማው ሳይዞር ተጎትቶ ኖሯል። ይህን ወሬ እኛ ደርቡሽ እንደመለስን አድርገን አወራነው። ጎንደር የደረሰ ሾፌር ሁሉ ይርዳውን ያውቃል እያልን እንኮራ ነበር።

የተሳቢ ነገር ግን በመዳፍ ብቻ አያልቅም። ግራና ቀኝ ጎማውን የሚይዘው የተሳቢ አክስል ትንሽ እንኳ ከጠመመ፣ ተሳቢው ፊቱን ወደ አንድ ወገን አዙሮ እየተጎተተ ይሄዳል። ጎማው ያኔ እንደ ማጭድ ጥርስ ይሳላል፤ ወደ አንዱ ሲዳብሱት ለስላሳ ነው፣ ሲመልሱት እጅ ይይዛል። ትልልቅ ከተማ ይህን በመሣሪያ ያቃኑታል። ይርዳው በገመድ ነበር የሚያቃናው። የገመዱን አንድ ጫፍ ተሳቢው ከፊተኛው መኪና ጋር በሚያያዝበት ፒን ላይ ያጠልቃል፣ እየወጠረ እስከ ቀኙ ጎማ መሐል ይወስደዋል፣ እዚያ ላይ ቋጠሮ ያስራል። ከዚያ ያንኑ ገመድ ወደ ግራው ያዞረዋል። ቋጠሮው የግራውን ጎማ መሐል ካገኘ አክስሉ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ካላገኘ፣ እስኪያገኝ ድረስ አክስሉን ያስጠጋዋል።

ገመዱ የቃጫ ነው፣ የአባቱ ነው። አባቱ በፎገራ ሜዳ ላይ መሬት ሲከፋፈል ገመድ ያዥ ነበሩ። የመሬት ወሰን ሰው በሚያጋድልበት አገር ገመድ ያዥ ሆኖ ሳይጠሉ መሞት ከባድ ነው፤ እሳቸው ሳይጠሉ ሞቱ። ይርዳው ገመዱን ሲወርስ የአባቱን ስም አብሮ የወረሰ መሰለው። ሾፌር «ሜትር ላምጣልዎ?» ሲለው ይቆጣል። «ይቺ ገመድ ስንቱን ጎረቤት አስታርቃለች፣ ያንተ ተሳቢ ያቅታታል?» ይላል። ሁለት ጊዜ ለክቶም አያውቅ። ሁለቴ መለካት የማይተማመን ሰው ሥራ ነው ባይ ነበር።

አሁን ወደ ደስታው ልምጣ። ደስታው የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ አያ በላቸው ይባላሉ። ከቀበሌው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያወጣ የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነው። ሠላሳን ትንሽ ያለፈ፣ ዝምተኛ፣ ትልቅ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ። የሚነዳው የሰብለወንጌልን መኪናና ተሳቢ ነበር። ሰብለወንጌል ባሏ ሲሞት የቀረላት ንብረት ያ መኪና ነው፤ አራት ልጆች ታሳድግበታለች። ደስታው ከፎገራ ሩዝ ጭኖ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ሲሚንቶ ጭኖ ይመለሳል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራላት። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት በዱላ እያንዳንዱን ጎማ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ሲያዳምጥ ከሚዛኔ ላይ ሆኜ አየው ነበር።

ካቻምና ሐምሌ ላይ፣ አባይ በረሃ ዳገቱ ላይ፣ ተሳቢውን አክስሉ ላይ የሚሸከመው ባሌስትራ ተሰበረበት። እንደምንም እየተንፏቀቀ ወረታ አደረሰውና ይርዳው ደጅ አቆመው። ይርዳው አዲስ ባሌስትራ አስገባ፤ ሰብለወንጌልም በዚያው የዚያን አክስል ጎማዎች በአዲስ አስቀየረች። የቀረው አክስሉን ማቃናት ነበር። ጠዋት ቀኙን ለካ፣ ቋጠሮውን አሰረ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ሁሉም ወደየጥላው ሮጠ፣ ገመዱ ጭቃ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ሁለት ሰዓት ያህል ዘነበበት። እኔ መፈተጊያው በር ላይ ቆሜ ዝናቡንም ገመዱንም አይ ነበር።

ሲያባራ ይርዳው ወጣ፣ ገመዱን ከጭቃው አንስቶ አራገፈና ወደ ግራው ጎማ ወሰደው። ቋጠሮው ሁለት ጣት ጎደለ። «ጠሟል» አለና የግራውን ወገን ሁለት ጣት ወደፊት አስጠግቶ ብሎኖቹን አጠበቃቸው። ከዚያ እንደ ልማዱ በእያንዳንዱ ብሎን ላይ፣ ከብሎኑ ወደ ብረቱ የምትሻገር ቀጭን ነጭ ቀለም አሰመረ። ብሎኑ ኋላ ከተነቃነቀ መስመሯ ትሰበራለች፤ ካልተነቃነቀ እንዳለች ትቆያለች። ይቺን መስመር ልብ በሉልኝ።

ጥቅምት ላይ፣ ሜዳው ደርቆ ሩዙ መቅላት ሲጀምር፣ አዲሶቹ ጎማዎች አለቁ። ሦስት ወር ከምናምናቸው ነው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ እንደ ማጭድ ተስለዋል። ሰብለወንጌል ደስታውንም ተሳቢውንም ይዛ ይርዳው ደጅ መጣች። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ይርዳው ጎማ ሊያነብ ነው ሲባል ደግሞ ሁሌም ሰው ይሰበሰባል። እኔም ሚዛኔን ትቼ ተሻገርሁ።

«አያ ይርዳው፣ እስቲ ይዩልኝ» አለች። «እሱ ምንም አልገጠመኝም ይላል። ታዲያ ምንድር ነው የበላብኝ?»

ይርዳው ዳበሰ። ወደ ውስጥ ለስላሳ፣ ወደ ውጭ የሚይዝ። «ተሳቢው ጠሟል» አለ። ልክ ነበር፤ እስከዚህ ድረስ ሙያው ልክ ነበር። ከዚያ በጀርባው ተሳቢው ሥር ገባ፣ ደስታውም ተከትሎት ገባ። እዚያ ሥር ትንሽ ቆዩ። ምን እንዳዩ የዚያን ቀን አላወቅንም። ይርዳው ወጣ፣ እጁን ጠረገ፣ እኛን አየን። ከብበን ቆመን አፉን እየጠበቅን ነበር።

«አክስሉ በግራ ወገን ሁለት ጣት ወደፊት ሄዷል» አለ። «ገመዴ ቀጥ አድርጋው ነበር የሄደ። በራሱ አይሄድም። ይህ ልጅ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎት ደብቆሻል።»

ደስታው ደነገጠ። «አልጣልሁም፣ አያ ይርዳው። ማርያምን አልጣልሁም።»

«ታዲያ አክስሉ በእግሩ ተራመደ?» ይርዳው ወደ እኛ ዞረ። «ይህን ልጅ መሪ አስያዛችሁት እንጂ የሚያስፈልገው ሞፈርና ቀንበር ነው። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ አስፋልቱን ነው ያረሰው!»

ሳቅን። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ ሳቁ እንዳያልቅብኝ ይመስል ጮክ ብዬ «አስፋልት አራሹ!» አልሁ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ይኸው ተናገርሁት።

ደስታው ይርዳውን ረዘም አድርጎ አየው። ሰብለወንጌል ዕንባዋ እየወረደ «ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ስድስት ዓመት አብረን በልተን!» አለችው። ቁልፉን በሁለት እጁ አድርጎ ሰጣትና በሰዉ መሐል አልፎ ሄደ። ስሙ ግን ቀድሞት ቁሐር ሚካኤል ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ጠየቀ። መምታት ያለ ነገር ነው፣ ባለ መኪና ይቅር ይላል፤ መትቶ የሚደብቅ ሾፌር ግን ማንም አይፈልግም። ሐሙሲት ሄደ፣ «አስፋልት አራሹ አንተ ነህ?» አሉት። ደብረ ታቦር ሄደ፣ እዚያም ስሙ ደርሶ ጠበቀው። ክረምት ሲመጣ የአባቱን በሬዎች ጠምዶ አረሰ። ሞፈርና ቀንበር ያልነው በእውነት ሆነ፣ እኛም ስንሰማ እንደገና ሳቅን።

ይርዳው በዚያችው የፍርድ ቀን፣ ገመዱ ደርቆ ሳለ፣ አክስሉን ለክቶ ወደ ቦታው መልሶት ነበር። አሮጌውን ነጭ መስመር ፍቆ አዲስ አሰመረ። በአዲሱ ሾፌር እጅ ጎማዎቹ እኩል አለቁ፤ ከተማው «አላልንም?» አለ። ከተበላሹት ጎማዎች አንዱ ይርዳው ደጅ ቀርቶ መቀመጫ ሆነ። ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ተቀመጥንበት። እኔ ራሴ ስንት ቀን ሻይ ጠጥቼበታለሁ።

አምና ሐምሌ ላይ ከጎንደር የመጣ ሌላ ተሳቢ ቆመ። ሾፌሩ ኪዳነ ማርያም የሚባል፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ይርዳው ጠዋት ቀኙን ለክቶ ቋጠረ፣ ዝናብ መጣ፣ ገመዱ ጭቃ ላይ ቀረ፣ ዝናቡ አባራ። ወደ ግራው ሲወስደው ቋጠሮው ሁለት ጣት ጎደለ። ይርዳው መፍቻውን አነሳ። ኪዳነ ማርያም ግን ከጋቢናው የብረት ሜትር አውጥቶ ራሱ ለካ። ቀኝና ግራው እኩል ነበር።

«ብረትህ ዝጎ ነው» አለው ይርዳው።

«እሺ፣ ዝጎ ይሁን» አለ ኪዳነ ማርያም። «ያቺን ገመድ ወደ ቀኙ መልሰው ያሳዩኝና እርስዎ እንዳሉት እሆናለሁ።»

ይርዳው ተናዶ፣ ሊያሳፍረው ብሎ፣ ገመዱን ወደ ቀኙ መለሰው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቴ ለካ። ጠዋት እዚያው ጎማ ላይ ያሰረው ቋጠሮ፣ ከዚያው ጎማ መሐል ሁለት ጣት ጎደለ። ኪዳነ ማርያም ሳቀ። ይርዳው ደጁ ላይ ያለው ያ ጎማ ላይ ቁጭ አለ፣ ከዚያ የተቀመጠበትን እንዳወቀ ሁሉ ብድግ አለ።

መንገዱን ተሻግሮ እኔ ዘንድ መጣ። የሩዝ ገለባ አቧራ ውስጥ ቆሞ «ታደለ፣ ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ምን ይሆናል?» አለኝ።

«ያጥራል» አልሁት ሳላስብ። የገበሬ ልጅ ነኝ። በክረምት ጥጃ የታሰረበት ገመድ ጠዋት ተሸምቅቆ ጣት እስኪላጥ አልፈታ ይላል፤ ይህን የማያውቅ ፎገራ ላይ የለም። ካልሁት በኋላ ያ ጭቃ ላይ ተዘርግቶ የዘነበበት ገመድ ትዝ አለኝ።

«አባቴ ጤዛ ሳይረግፍ ገመድ አይዘረጋም ነበር» አለ ይርዳው። «ክረምት ከገባማ ከጣራው ሥር ይሰቅላታል፣ እስከ መስቀል አያወርዳትም። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ስንፍና ይመስለኝ ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። ድምፁ ዝቅ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ተሳቢው ሥር ስገባ መስመሮቹ አልተሰበሩም ነበር።»

«የትኞቹ መስመሮች?»

«ነጮቹ። አንዱም ብሎን አልተነቃነቀም። ልጁ ጉድጓድ ውስጥ ቢጥለው ኖሮ ይሰበሩ ነበር። በዓይኔ አየሁት። ከገመዴ ዓይኔ ይሳሳታል አልሁ። ስወጣ ደግሞ እናንተ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ።»

ምን እንዳልሁት ልንገራችሁ። «ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁን ማን ያነሳዋል? ተወው» አልሁት። ለእሱ አዝኜ አይደለም። ነገሩ ከተነሳ የእኔም አፍ አብሮ እንደሚነሳ ስለገባኝ ነው። አሁን ስናገረው ፊቴ ይግላል።

ፍልሰታ ሲገባ ይርዳው ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ። መጀመሪያ ልጁ ዘንድ ሂድ ብለው መለሱት። ለይቅርታ ብቻውን የሚሄድ የለም፣ ሰው ይዞ ነው የሚኬደው፤ እኔን ጠራኝ። «ሌላ ሽማግሌ ፈልግ፣ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ» አልሁት። «አንተን የምወስድህ ለዚሁ ነው» አለኝ።

በደለኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ይሸከማል። ይርዳው ድንጋይ አልተሸከመም። ያን ጎማ ከደጁ አንስቶ ይዞ ሄደ። እስከ መገንጠያው በባጃጅ ጣራ ላይ አስረን ወሰድነው፣ ከዚያ በኋላ መኪና ስለማይገባ አንከባለልነው። ነሐሴ ላይ የፎገራ ሜዳ ውሃ ነው፤ መሄጃው በሩዙ መሐል ያለው ቀጭን የአፈር ግድብ ብቻ ነው። ጎማው ሁለት ጊዜ ከእጃችን አምልጦ ሩዝ ውስጥ ወደቀ፣ ሁለት ጊዜ እስከ ጉልበታችን ገብተን አወጣነው። አረም የሚያርሙት ወገባቸውን እያቀኑ ያዩናል። «ምንድር ነው እሱ? መኪናውስ የት ቀረ?» ይላሉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይርዳው ለጠየቀው ሁሉ ቆሞ «የበላቸውን ልጅ በድዬ ነው የምሄድ» ይላል።

አያ በላቸው ደጃቸው ላይ አገኘናቸው። ደስታው ከሩዙ ውስጥ ተጠርቶ መጣ፣ ባቱ ድረስ ጭቃ ነው። ጎማውን ሲያይ ቆመ፤ አወቀው። ይርዳው ተንበረከከ። ዝናቡን፣ ገመዱን፣ ነጩን መስመር አንድ በአንድ ተናገረ። ምክንያት አላበዛም።

መጀመሪያ የተናገሩት አያ በላቸው ናቸው። «አባትህ የእኔን መሬት ሲለካ ሦስት ቀን አስጠብቆኛል። ዛሬ ጤዛ አለ፣ ዛሬ ደመና አለ እያለ። ተናድጄበት ነበር። አንተ ገመዱን ወስደህ ይህን ተውኸው?»

«ተውሁት፣ አያ» አለ ይርዳው።

ደስታው እግሩን እያየ ነበር። «መስመሩን እኔም አይቸዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «እርስዎ ሲያዩትም አየሁ። እጅዎ መስመሩ ላይ ቆመ። አሁን ሲወጡ ይናገራሉ ብዬ ነው ተከትዬዎት የወጣሁ።»

እኔ አፌ አያርፍም፣ «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርህም?» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑን ሳይሰብር ትልቅ ሰው ሲያይ ያን ቀን አየሁት። «ለማን?» አለኝ። «ለእናንተ?»

ይርዳው እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ደስታው ቶሎ ብሎ ያዘው፣ «ይቅር ብያለሁ፣ ይነሱ» አለ። ነገሩ እንዲያልቅ የፈለገ ሰው አባባል ነበር። አያ በላቸው ግን እጃቸውን አነሱ። «እሱ ይቅር ይበል። እኔ እዚህ አልቀበልም። እዚህ የሳቀ ሰው የለም። የተሳቀበት ቦታ ሄዳችሁ ተናገሩት።» ጎማውን እያንከባለልን ተመለስን።

መስከረም በባተ በሁለተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ይርዳው ጎማውን ያኔ የነበረበት ቦታ አቆመው። ሰብለወንጌልን አስጠራት። ሰው ተሰበሰበ። ጮክ ብሎ «ደስታው ምንም አልመታም። ተሳቢውን ያጣመምሁት እኔ ነኝ» አለ።

ምን የሆነ ይመስላችኋል? ሳቁ። ግን በክፋት አይደለም። «አያ ይርዳው ደግሞ! ለልጁ አዝነውለት ነው እኮ» አለ አንዱ። «እንዲህ ያለ ሩኅሩኅ ሰው የት ይገኛል» አለች ሌላዋ። ይርዳው በቁጣ «እውነቴን ነው!» ሲል የባሰ አመሰገኑት። በገዛ ጥፋቱ ሲከብር ቆሞ ያያል፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ስሙን ያን ያህል ከፍ አድርገን ሰቅለነው ኖሮ ራሱ እንኳ ሊያወርደው አልቻለም።

ዞር ብሎ እኔን አየኝ። እግሬ ወደ መፈተጊያው ሊሸሽ ነበር። የደስታው «ለእናንተ?» ያለው ግን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «እውነቱን ነው» አልሁ። «ገመዱ ሲዘንብበት ቆሜ አይቻለሁ። አስፋልት አራሹ ያልሁትም እኔ ነኝ። ልጁ አንድም ጥፋት የለበት።» ሳቁ ጋብ አለ።

ይርዳው ገመዱን አወረደ። ደረቁን ገመድ ከቆርቆሮ ጥላው ቋሚ አጠገቡ እስካለው ግንብ ድረስ ወጠረና ቋጠሮ አሰረበት፣ ግንቡ ላይ በነጭ ቀለም አሰመረ። ከዚያ ጎማ የሚፈትሽበት የውሃ ገንዳ ውስጥ ነከረው። ሁሉም ቆሞ ጠበቀ። ያን ያህል ሰው ያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ ሲጠብቅ ወረታ ላይ አይቼ አላውቅም። አውጥቶ እንደገና ሲወጥረው ቋጠሮው ከመስመሩ ሁለት ጣት ጎድሎ ቆመ።

ሰብለወንጌል ወደ ጎማው ሄደች። መዳፏን አሳርፋ እንደ እሱ ዳበሰችው። ወደ ውስጥ ሄደላት፤ ስትመልሰው ያዛት። እጇ እዚያው ቆመ። «የዚያን ቀን ሥር ገብተህ ብሎኑ እንዳልተነቃነቀ አይተህ ነበር?» አለችው። ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ያለችውን ሰው ያን ቀን አንተ አለችው።

«አይቻለሁ» አለ።

ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ቁሐር ሚካኤል ድረስ ራሷ ሄዳ ደስታውን ለመነችው። ኅዳር ላይ፣ የአባቱን ሩዝ አጭዶ ከጨረሰ በኋላ፣ መኪናዋ ላይ ተመለሰ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ ጎማው ከእንግዲህ ሐሙሲት ይታይልኝ አለ። ሐሙሲት ያለው ጎሚስታ ገና ወጣት ነው፣ በብረት ሜትር ይለካል፣ ሁለቴ ይለካል።

ይርዳው ዘንድ ሌላው ሾፌር ዛሬም ይመጣል። እሱም ሜትር ገዝቷል፤ ገመዱ ከጣራው ሥር ተሰቅሏል። ጎማ ይዳብሳል፣ ያገኘውን ግን ጮክ ብሎ አይናገርም፤ ሾፌሩን ወደ ጎን ወስዶ በጆሮው ይነግረዋል። ሰው መሰብሰብ ሲጀምር ሥራውን አቁሞ እስኪበተን ይጠብቃል። «ነበር» ያልሁት ለዚህ ነው። የእኔ ደግሞ የባሰ ነው። ያወጣሁት ስም አልመለስልኝ ብሏል። ታሪኩን የማያውቁ ሕፃናት እንኳ መኪናው ሲያልፍ «አስፋልት አራሹ መጣ!» እያሉ ይሮጣሉ። ወጥቼ «ደስታው በሉት!» እላለሁ፤ ይስቁብኛል።

በሳምንት አንድ ቀን ሩዙን ጭኖ በደጃችን ያልፋል። ይርዳው ደጅ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነስ ያደርግና ጡሩንባውን ሁለት ጊዜ ይነፋል፣ እጁን ከመስኮቱ አውጥቶ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይላል። አክብሮቱ ዛሬም አልጎደለም። ይርዳው ሁልጊዜ ብድግ ይላል፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ወደ መንገዱ ሁለት እርምጃ ይራመዳል። መኪናው አይቆምም። ተሳቢው ወደ ሐሙሲት ሲርቅ ከኋላው ያየዋል።

«ቀጥ ብሏል» ይለኛል በመንገዱ ማዶ።

«አዎ፣ ቀጥ ብሏል» እለዋለሁ። ከዚያ ይቀመጣል፣ እኔም ወደ ሚዛኔ እመለሳለሁ።